ነፍስና ልብስ

የፈረንሳይ ለጋሲዮን ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ሰፈር ነው፤ የእንግሊዝ ኤምባሲም ከዚያው ሳይርቅ በየካ ይገኛል። ከአንደኛው ደጃፍ ወደ ሁለተኛው በእግር መድረስ አያስቸግርም። ከአንደኛው ቋንቋ ወደ ሁለተኛው መሻገር ግን እንዲህ የቀለለ አለመሆኑን በቤቴ ተቀምጬ ተማርሁ።

ሥራዬ ጽሑፍ መተርጐም ነው። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ገመድ ዓይነትና መጠን የሚዘረዝር የፈረንሳይኛ ወረቀት ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። በውስጡም የእያንዳንዱ ‹ኮንዱክተር› ውፍረት 3.4 ሚሊሜትር ነው የሚል አገኘሁ። እንግሊዞችም ‹ኮንዳክተር› ይላሉና ሳልጠራጠር ቃሉን እንዳለ አሻገርሁት።

ማታ ባለቤቴ፥ «ፈረንሳይኛህን አልጠረጠርሁም፤ ነገር ግን ገመዱ በሰው ቤት የሚዘረጋ ከሆነ፥ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢያየው አይሻልም?» አለችኝ። ነገሩ ቅር ቢያሰኘኝም በጡረታ ወዳሉት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጎረቤታችን ሄድሁ።

ሽማግሌውም 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ ቁራጭ ገመድ አንሥተው ልባሱን በሰንጢ ገፈፉና፥ «ልጄ፥ መዳቡ ብቻውን አንድ ነገር ነው፤ መዳቡ ከነልብሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወረቀትህ የሚናገረው ስለ የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ።

ተመልሼ መዝገበ ቃላት ብመረምር፥ ፈረንሳዮች ዕራቁቱን መዳብ ‹አም›፥ ማለት ‹ነፍስ› ይሉታል፤ ‹ኮንዱክተር› የሚሉት ግን ልባሱን የለበሰውን ነው። እንግሊዞች ዕራቁቱን ‹ኮንዳክተር›፥ የለበሰውን ‹ኮር› ብለው ይጠሩታል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽንም በ60228ኛው ደንቡ ርእስ ላይ በፈረንሳይኛ ‹አም› ያለውን በእንግሊዝኛ ‹ኮንዳክተር› ብሎታል።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። የዚያ ገመድ መዳብ ውፍረቱ 1.8 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በእኔ ትርጕም ግን 3.4 ሆኖ፥ ስፋቱ ወደ 9 ሚሊሜትር ካሬ ይደርስ ነበር። ይህን አምኖ ከዐቅሙ በላይ ኮረንቲ የሚጭንበት ሰው ቢኖር፥ ገመዱ ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ እሳትም ሊነሣ ይችላል። በዚያም ቤት ሕፃናት ተኝተው ይሆናል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን እጠረጥር የነበረው የማላውቀውን ቃል ብቻ ነው፤ ለካ ይበልጥ የሚያሳስተው የማውቀው የሚመስለኝ ኖሯል።

ወረቀቱን አርሜ አስረከብሁ። ከዚያ ወዲህ የጨረስሁትን ሥራ አስቀድሜ ለባለቤቴ አነብላታለሁ። እርስዋም ያልገባት ቦታ ስትደርስ፥ «ይህስ?» ትለኛለች፤ እኔም ነጠላዬን ደርቤ ወደ ሽማግሌው ቤት እሄዳለሁ።