የተሰካ ይነቀላል፣ የተበሳስ?

ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ሜሞሪው 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ኩባንያው በ1994 ከሰረ። ዛሬ በእጅ ያለው ቢበላሽ ያኔ የሠራው ፋብሪካ አይተካውም።

ታዲያ እሱን ለማዘመን ሽፋኑን መብሳት፣ ቦርዱን መቁረጥ የግድ ነው? አይደለም። የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያው በሚሰካበት ቦታ የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያ መሰካት ይቻላል። ተጨማሪ ሜሞሪም ከኋላ በካርትሪጅ ማስገቢያው ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን ፓወር ሰፕላዩ ይቀየር! አሮጌው ሲበላሽ ከ5 ቮልት በላይ እየላከ ቺፖቹን ያቃጥላል።

እነዚህ ሁሉ ሲነቀሉ ማሽኑ እንደነበረ ይገኛል። የተበሳው ግን እንደተበሳ ይቀራል። የዛሬው ባለቤት እንደፈለገ ይጠቀምበት፤ የነገውን ባለቤት ምርጫ ግን በመሰርሰሪያ አይወስንበት።