የአባቴ ከዘራ

አባቴ ከተነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ እናቴ አብልጣ የምትወደው አንዱን ነው። ግቢያችን ውስጥ ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን በቀኝ እጁ ተመርኩዞ ቆሟል፤ ሊስቅ ትንሽ የቀረው ይመስላል። በስልክ የተነሳ ስለሆነ ወረቀት ላይ ወጥቶ አያውቅም። አምና ሚያዝያ ላይ «ለሰኔው ሙት ዓመቱ በገዛ እጄ አትሜ፣ ፍሬም ውስጥ አድርጌ አመጣልሻለሁ» አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አለችኝ።

በገዛ እጄ ስል ሳይያኖታይፕን ማለቴ ነበር። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ የሚባሉትን ሁለት ጨዎች ለየብቻ በውሃ ታሟሟለህ፣ ቀላቅለህ ወረቀት ላይ በብሩሽ ትቀባለህ፣ ጨለማ ውስጥ ታደርቃለህ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ታወጣለህ። ብርሃን የነካው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ ያልነካው በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ጆን ኸርሼል የተባለው እንግሊዛዊ ይህን ያገኘው በ1842 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ አና አትኪንስ የባሕር አልጌዎችን ወረቀቱ ላይ እያስተኛች የሚያስደንቅ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረች። እኔም የጽድ ዘለላና የአበባ ቅጠል እያስተኛሁ ጥቂት ሠርቻለሁ፤ አምሮልኝም ስለነበር የቀረው ቀላል መሰለኝ።

ፎቶ ግን እንደ ቅጠል አይተኛም። ኔጋቲቭ ይፈልጋል፤ ያውም የሚታተመውን ምስል የሚያህል፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ደካማ ብርሃን ስለማይበቃው ከትንሽ ፊልም ላይ በማጉያ ማሽን ማተም አይሆንም። የዘመኑ ሰው መፍትሔ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ፣ ትራንስፓረንሲ በሚባል ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ላይ ማተም ነው። እኔ ሰፈራችን ካለው ኮፒ ቤት ለጥራዝ ሽፋን የሚሆነውን ላስቲክ ገዝቼ ቤት ባለው ኢንክጄት ፕሪንተር ውስጥ አስገባሁት። ቀለሙ ኮባ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ዝናብ ተንጠባጥቦ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ጣቴን ባሳርፍበት አሁንም ጣቴ ጠቆረ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ለኢንክጄት የተሠራውን ፊልም፣ ሃያ ቅጠል ያለበትን ፓኬት፣ በሰው ላከችልኝ። ይህ ፊልም በአንድ ፊቱ ቀለም የሚይዝ ልባስ አለው፤ ሌላኛው ፊቱ ባዶ ነው። ፓኬቱ ውስጥ መመሪያ ነበር፤ አልገለጥኩትም። ሁለት ቅጠል በተሳሳተ ፊት አበላሸሁ። እርጥብ ጣት ጥጉ ላይ ቢያስነኩት ልባስ ያለው ፊት ያዝ እንደሚያደርግ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ቀለሙን ያዘልኝ። ቀለም ያለውን ፊት ወደ ላይ አድርጌ ወረቀቱ ላይ አስተኛሁት፣ መስታወት ጫንኩበት፣ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። የአባቴ ፊት በጉም ውስጥ ያለ መሰለ። በቀለሙና በወረቀቱ መሃል የፊልሙ ውፍረት ስለገባ ብርሃኑ ተበታትኖ ነበር። ይህ እንኳ ገባኝና ፊልሙን ገለበጥኩት፤ የጋቢው ጥለት ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ገና ሳይደርቅ፣ በጠረጴዛ ልብስ ላይ እንደተዘረጋ፣ እናቴን ጠራኋት።

ብዙ አየችው። ከዚያ «አባትህ መቼ ነው ግራኝ የሆነው?» አለችኝ።

ከዘራው በግራ እጁ ነበር። ቀለሙ ወረቀቱን እንዲነካ ፊልሙን የሚገለብጥ ሰው ምስሉን ከማተሙ በፊት እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ማዞር አለበት። እኔ ስለ ፊልሙ ሳስብ አባቴን ሳላየው ቀርቻለሁ። እሷ እንደማዘን ብላ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ያን ቀን ያሳፈረኝ ስህተቱ ራሱ ሳይሆን የአባቴን እጅ መርሳቴ ነበር።

አዙሬ አተምኩት። አሁን ደግሞ ፊቱ ጠቆረ፤ ዓይኑና ጉንጩ አንድ ሰማያዊ ሆነ። ኔጋቲቩን መስኮት ላይ ሳየው ያምራል፤ እንግዲህ ጥፋቱ የሌላ ነው አልኩ። ፀሐዩን ወቀስኩ፣ ወረቀቱን ቀየርኩ፣ የብሩሹን ስፋት ቀየርኩ፤ አንዳንዴ ሁሉንም በአንድ ቀን። ጥቂቱን ልብስ በታጠበበት ሳፋ አጥቤ፣ የሳሙና ርዝራዥ ሰማያዊውን ወደ ቢጫ ሲያደበዝዘው አየሁ። ከሃያው ቅጠል አሥራ አንዱ አለቀ።

በመጨረሻ ዕድሜውን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሠራ አንድ ጋሼ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ያበላሸኋቸውን ወረቀቶች ደርድሮ ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ይኼኛው ስንት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ዋለ? ያኛውስ? በስንት ሰዓት? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም ነበር። ጋሼ አልተቆጣኝም፤ ወረቀቶቹን ሰብስቦ መለሰልኝ። ወዲያው ሰኔ ገባ፣ ሰማዩ ተዘጋ። ሙት ዓመቱ ያለ ፎቶው ተደረገ።

ደግሜ የጀመርኩት ጥቅምት ላይ፣ ደብተር ገዝቼ ነው። ምንም ያልታተመበት ንጹሕ ፊልም በተቀባ ወረቀት ላይ አስተኝቼ፣ ከቀትር አንሥቶ በየሁለት ደቂቃው የወረቀቱን አንድ አንድ ክፍል በካርቶን ሸፈንኩ። እስከ ስምንት ደቂቃ ሰማያዊው እየጠለቀ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ነበር። ስለዚህ ጊዜዬ ስምንት ደቂቃ ነው። ቀጥሎ ከነጭ እስከ ጥቁር ሃያ አንድ ደረጃ ያለው ሰንጠረዥ በፊልም ላይ አትሜ ስምንት ደቂቃ አዋልኩት። ከጨለማው ጫፍ ሰባት ደረጃዎች ተደባልቀው አንድ ሰማያዊ ሆነዋል። የአባቴ ጠይም ፊት ያረፈው እዚያ ውስጥ ነበር። እኔ ኔጋቲቩን በዓይኔ ስመዝን፣ ወረቀቱ ግን በዋናነት ምላሽ የሚሰጠው ዓይኔ ለማያየው ለአልትራቫዮሌት ነው። ደረጃዎቹ እስኪለያዩ ድረስ በኮምፒውተሩ ላይ የምስሉን ብርሃንና ጥላ የሚያስተካክለውን ኩርባ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፤ በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ፣ የቀየርኩትን እየጻፍኩ።

ከዚያ የአባቴን ፎቶ አተምኩ። ውሃው ውስጥ ቢጫው እየታጠበ ሲሄድ መጀመሪያ የጋቢው ነጭ መጣ፣ ከዚያ ጉንጩ፣ ከዚያ ያ ያልተጨረሰ ሳቁ። አንድ ሌሊት አድሮ ሲደርቅ ሰማያዊው ጠለቀ።

እናቴ ፍሬሙን ስትቀበለኝ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አልነበረም። ጣቷን ከዘራው ላይ አሳረፈች፣ ቀኝ እጁ መሆኑን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። አሁን ሳሎን ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሙት ዓመቱ ካለፈ ግን አራት ወር ሆኖት ነበር።