የሃያ አምስት ዓመት ውስኪ በቤተ ልሔም

በ2004 ዓ.ም. ከስኮትላንድ የተመለሰ አንድ ወዳጃችን፥ 25 ዓመት በበርሜል የቆየ፥ ከአንድ ቤት ብቻ የወጣ ንጹሕ የብቅል ውስኪ አመጣልን። እኛም ጠርሙሱን ከቁም ሣጥን አግብተን፥ ፊደል ካስቈጠሩን ከየኔታ ጋር ካልሆነ በቀር አንከፍተውም ስንል ተስማማን። የኔታ በቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው በዚያው በጋይንት ጎጆ ቀልሰው የኖሩ፥ በበዓል ቀን ከባለቤታቸው አረቄ አንዲት መለኪያ ብቻ የሚቀምሱ ሰው ነበሩ። ዘንድሮ ስንል ለከርሞ፥ ከርሞ ስንል ለፋሲካ፥ ስምንት ዓመት አለፈ። በቆየ ቍጥር ይጥማል እያልንም ስንፍናችንን እናባብል ነበር። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የኔታ ዐረፉ።

በጥር ወር እማማን ለማጽናናት ጠርሙሱን ይዘን ወጣን። ቤተ ልሔም፥ አንባቢ እንደሚያውቀው፥ የቅዱስ ያሬድን ድጓ በሌላ ስፍራ የተማረ ሰው ሳይቀር ለማስመስከር የሚመጣባት አገር ናት። ለቅሷችንን ካደረስን በኋላ ያመጣነውን አወጣን። እማማ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ተመለከቱት። ዳግም አረቄ በማውጣት በአገሩ የተመሰገኑ ናቸውና፥ የጠየቁን ባለሙያ ባለሙያን እንደሚጠይቅ ነው።

«ከምንድን ነው የወጣ?»

«ከገብስ ብቅል ብቻ፥ እማማ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«እንግዲያ ዳግም ነዋ! ጌሾውሳ?»

ጌሾ እንደሌለው ስንነግራቸው አዘኑለት።

ነገሩ እውነታቸውን ነው። ገብሱን ዘፍዝፎ ማብቀል፥ አድርቆ መፍጨት፥ ድፍድፉን አፍልቶ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ ወደ ጠብታ መመለስ፥ በሁለቱም አገር ያለ ሙያ ነው። በስኮትላንድ የመንግሥት ሒሳብ መዝገብም በ1494 እ.ኤ.አ. ጆን ኮር ለሚባል መነኩሴ «የሕይወት ውሃ» እንዲያወጣበት ስምንት ቦል ብቅል እንደ ተሰጠው ተጽፎ ይገኛል። ልዩነቱ የሚመጣው ከወጣ በኋላ ነው። የእማማ አረቄ ከመቃው ጫፍ ወደ ጠርሙስ፥ ከጠርሙስ ወደ መለኪያ ይሄዳል። የነሱ ሕግ ግን በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ያልተቀመጠውን ውስኪ ብሎ መጥራትን ይከለክላል። ከመዓዛውም ከጣዕሙም ብዙውን የሚሰጠው እንጨቱ ነው። በየዓመቱ ከመቶ 2 እጅ ያህሉ እየተነነ ይጠፋል፤ ይህንንም የመላእክት ድርሻ ይሉታል።

የዚያ አገር ቀማሾች ሽታው እንዳይበተን አፉ የጠበበ ብርጭቆ ይመርጣሉ። እኛም ብርሌ ለመንን፤ ለዚህ ሥራ ከብርሌ የሚሻል ዕቃ መኖሩን እንጠራጠራለን። በመጀመሪያ የዘቢብ ሽታ መጣ። ጥቂት ጠብታ ውሃ ብንጨምርበት ማር ማር አለ። ከምላስ ላይ እሳቱ የለም ለማለት ይቻላል፤ ከዋጡት በኋላ ግን ከደረት ቀስ ብሎ ይነሣና ሳይቈረጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። እማማ ደጋግመው አሸተቱና፥ «የየኔታን የመጽሐፍ ማኅደር ይሸታል» አሉ። ከዚያ በኋላ ቆዳውንና አሮጌውን እንጨት እኛም አገኘነው።

ጥቂት ቆይተውም፥ «ይህን ሁሉ ዘመን ማን ጠበቀው?» ብለው ጠየቁን። በርሜሉን የሞላው ሰው ብዙ ጊዜ ሲከፈት እንደማያየው ነገርናቸው። ስለ ራሳችን ጥበቃ ግን አፋችንን ያዘን። ውስኪ የሚያረጀው በበርሜል ውስጥ ብቻ ነውና፤ 25 ዓመት ሆኖ ጠርሙስ የገባ ሁልጊዜ የ25 ዓመት ነው። በቁም ሣጥናችን ያሳለፋቸው ስምንት ዓመታት አንዳች ነገር አልጨመሩለትም። በእነዚያ ዓመታት ያረጁት የኔታ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በ1926 እ.ኤ.አ. የወጣና 60 ዓመት በበርሜል የቆየ አንድ የማካላን ውስኪ ጠርሙስ በሎንዶን ጨረታ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደ ተሸጠ ሰማን። ሰው በዋጋው ሲደነቅ እኛ ያሰብነው ገዢው ከማን ጋር ሊጠጣው እንደሆነ ነው።

እማማ የተረፈውን በንጹሕ ጨርቅ ወተፉት። «ለሙት ዓመታቸው ይቆይ፤ እስከዚያ ደግሞ ይበስላል» አሉ። አልመለስንላቸውም። ከጓዳ ገብተው የራሳቸውን ዳግም አመጡና በመለኪያ ቀዱልን፤ የወጣው ባለፈው ሳምንት ነበር።