የትኛዋን ልግዛ?

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ ሲጮህ የደብረ ወርቅ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሞት ነው። ከአልጋዬ ዘልዬ አነሳሁት። ደዋዩ አብሮ አደጌ ነው፤ ከአሜሪካ፣ ከኮሎራዶ።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

«ኧረ ማንም አልሞተም። ጠመንጃ ልገዛ ነው። ምክር ፈልጌ ነው የደወልኩት።»

እኔ ወታደር አይደለሁም፤ አዳኝም አይደለሁም። በቤቴ ያለው ትልቁ መሣሪያ የሽንኩርት ቢላዋ ነው። ሰውዬው ግን የምሩን ነው። ጡረታ ወጥቷል። ጎረቤቶቹ በየዓመቱ መኸር ሲገባ አጋዘን ሊያድኑ ጫካ ይወርዳሉ፤ ዘንድሮ አብሯቸው ሊወጣ ነው። ደግሞም በእርጅናው ዘመን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚያያት አንዲት ያማረች ነገር አምሮታል።

«እነዚያ ትዝ ይሉሃል? ፒያሳ ሲኒማ ቤት እየተጋፋን ገብተን የምናያቸው የካውቦይ ጠመንጃዎች?»

እንዴት አይሉኝም! ከምላጩ ሥር እንደ ቀለበት የታጠፈች ብረት አለች። ሰውዬው ፈረስ ላይ እንዳለ ብረቷን ወደ ታች ገፋ አድርጎ መልሶ ሲስባት የተተኮሰው ቀለህ ይወጣል፤ አዲሱ ጥይት ይጎርሳል። እኛም ከሲኒማ ቤት ስንወጣ በባዶ እጃችን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረግን እስከ አራት ኪሎ እንተኳኮሳለን።

ታዲያላችሁ፣ ወዳጄ ለአንድ ሰዓት ያህል አስተማረኝ። ምርጫው ሦስት ነው፤ ዊንቸስተር፣ ማርሊን እና ሄንሪ። የ1894ቷ ዊንቸስተር ጆን ብራውኒንግ የሚባል ሊቅ የነደፋት ናት፤ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሰብሳቢዎች ግን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1964 በፊት የወጣችውን ነው የሚፈልጉ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ አሠራሩን ስላቀለለው ዋጋዋ ወርዷል። የድሮዋ ዊንቸስተር ቀለሁን ወደ ላይ ስለምትተፋ መነጽር ለመግጠም አትመችም። ማርሊን በጎን ነው የምትተፋው፤ ዓይኑ ለደከመ ሽማግሌ እሷ ትሻላለች።

አንድ ነገር ደግሞ አሳቀኝ። የእነዚህ ጠመንጃዎች ጥይት ከአፈሙዙ ሥር ባለች ቱቦ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይሰለፋል። ስለዚህ ጫፈ ሹል ጥይት አይሆናቸውም። የኋለኛው ሹል የፊተኛውን ቂጥ ነክቶ እዚያው ሊያፈነዳው ይችላል። «በአንድ ሰልፍ ላይ ሹል አይጨመርም» አለኝ። በየመሥሪያ ቤቱ ይህን ሕግ የሚያውቅ ቢኖር ስንት ነገር በቀረልን!

በመጨረሻም «አንተ ብትሆን የትኛዋን ትመርጣለህ?» አለኝ።

አሳድረኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ጥያቄው ለምን እንደከበደኝ እንድትረዱልኝ፣ እኛ አገር ጠመንጃ እንዴት ይመረጥ እንደነበር ልንገራችሁ።

በእኛ በኩል ጠመንጃ እንደ ሰው በስሙ ነው የሚጠራ። ውጅግራ አለች። ስሟ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሏት የመጣ ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ፣ ጢሷ ተኳሹን የምትጋርድ ባለ 11 ሚሊሜትር ናት። ዓድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. ከዘመተው መሣሪያ ውስጥ የዚህች ዓይነትም ነበረች። በአንዳንድ ገበያ ጥይቷ እንደ ሳንቲም መገበያያ እስከመሆን ደርሷል። ጥይት ሲጠፋም ሰዉ ቀለሁን አይጥልም፤ ባሩድ ቀምሞ፣ እርሳስ አቅልጦ ደግሞ ይሞላዋል። ከእሷ ቀጥሎ ምንሽር አለች፤ ስሟ ከማንሊኸር የመጣ ነው ይባላል። ከዚያ በጃንሆይ ዘመን ከቤልጅግ አገር የተገዛችው፣ በአገሯ ስም የምትጠራው ቤልጅግ አለች።

ገዢው ሲመርጥ ማንም «ለሚዳቋ ናት ወይስ ለአጋዘን?» ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥይቷ ይገኛል ወይ ነው። «ጥይት የሌላት ጠመንጃ ዱላ ናት» ይል ነበር አባቴ። ሁለተኛው ድምጿ ነው። ለቅሶ ላይ ስትተኮስ ከማዶ የሚሰማ ሰው «የማን ቤት ሰው ሞተ?» ማለት አለበት። ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄ ግን በቃል አይወጣም፤ እነ እገሌ ቤት ያለችው የትኛዋ ናት?

ይህን ስል አገሬን ላሳንስ አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሽስት ጎጃምን ሲወር፣ እነ በላይ ዘለቀ በብቸና ዙሪያ አምስት ዓመት የተዋጉት በእነዚሁ ጠመንጃዎችና ከጠላት በማረኳቸው ነው። በላይን ጣሊያን አልቻለውም፤ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት የቀጣው የገዛ መንግሥቱ ነው። በ1960 ዓ.ም.ም የእርሻ ገቢ ግብር መጣ ተብሎ የጎጃም ገበሬ ሲነሳ፣ ርስቴን ሊነኩብኝ ነው ያለ ሁሉ ጠመንጃውን ከምሰሶው አውርዷል። ጠመንጃ የሌለው ሰው መሬትም የለውም ተብሎ ያደገን ሕዝብ «ምን አስታጠቀህ?» ብሎ መጠየቅ ታሪኩን አለማወቅ ነው።

ችግሩ ጠላት በሌለበት ዘመንም ጠመንጃዋ ከምሰሶው አለመውረዷ ነው። የእኛና የጎረቤታችን መሬት በአንዲት ቦይ ይዋሰናል። እነሱ ቤት ውጅግራ ስለነበረች አባቴ ሁለት በሬ ሸጦ ምንሽር ገዛ። አባቴ ምንሽር ስለገዛ እነሱ ቤልጅግ ገዙ። እነሱ ቤልጅግ ስለገዙ አባቴ ተጨማሪ ዝናር ገዛ። ቦይዋ ግን ያው ቦይ ናት፤ አንድ ልጅ በዝላይ የሚያልፋት። እናቴ «ይህች ብረት ከገባች ወዲህ አባትህ አንድ ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም» ትል ነበር። በሬ ሸጦ የገዛትን፣ ሌባ እንዳይሰርቅበት በሬውን እንደሚጠብቅ ይጠብቃታል።

በ1964 ዓ.ም. የሰርግ ወራት፣ የሁለቱም ቤት ሰዎች በታደሙበት ድግስ ላይ ፉከራ ተጀመረ። ጠላውም አረቄውም ገብቷል። የአባቴ ታናሽ ወንድም ምንሽሯን ይዞ ተነሳ። አጎቴ «ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት» አለ፤ የዓይን ምስክሮች «ወደ ሰው ነው» አሉ። የጎረቤታችን ታናሽ ወንድም፣ ገና ያላገባ ጎረምሳ፣ ዳሱ ውስጥ ወደቀ።

አጎቴ ወደ ዓባይ በረሃ ሸሸ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ዓመት አልተርክላችሁም፤ ደም የገባበት ቤት ያደገ ያውቀዋል፤ ያላደገበት ባያውቀው ይሻለዋል። በመጨረሻ ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው ገቡ። አጎቴ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ከሟች ወንድም እግር ሥር ወደቀ። ለደሙ ካሳ የሚከፈል ገንዘብ ሲታጣ ምንሽሯ ተሸጠች። የዕርቁ መዝጊያ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከሁለቱ ቤት አንድ አንድ ልጅ አምጡ አሉና፣ በአንድ ገበታ ቁጭ ብለን ከአንድ እንጀራ እንድንቆርስ አደረጉን።

አንደኛው ልጅ እኔ ነኝ። ሁለተኛው፣ የሟቹ የወንድም ልጅ፣ ይኸው ከኮሎራዶ ሌሊት እየደወለ የትኛዋን ጠመንጃ ልግዛ የሚለኝ አብሮ አደጌ ነው።

በሃምሳ ምናምን ዓመት ወዳጅነታችን ስለዚያ ሰርግ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። እና እኔ ነኝ ለእሱ ጠመንጃ የምመርጥ?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ደወለ። አሁን ድምፁ ሌላ ነው።

«ዊንቸስተሯን ልገዛ ሄጄ ነበር» አለኝ። «ሱቁ ጥግ ላይ የተደረደሩ አሮጌ ጠመንጃዎች አየሁ። ምን የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸዋል መሰለህ? ኢትዮጵያ።»

ለካስ ይህ ነገር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የታወቀ ነው። አንድ የአሜሪካ አስመጪ የኢትዮጵያን አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት ገዝቶ አስገብቶ ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ቤልጅጉ፣ ሁሉም አለ። ፈረንጆቹ የግዕዝ ፊደልና የአንበሳ ምልክት ያለባትን እየመረጡ ይገዛሉ አሉ። አባቶቻችን በሬ የሸጡባቸው ብረቶች ዞረው ዞረው፣ ከነደረሰኛቸው ይሸጣሉ።

ፎቶ ላከልኝ። ውጅግራ ናት። ሰደፏ ላይ በቢላዋ የተቀረጸ ትንሽ መስቀል አለ፤ ከሥሩ ደግሞ «ገ» የሚል አንድ ፊደል።

«ዋጋዋስ?»

«ከዊንቸስተሯ ትረክሳለች።»

«ምንሽርም አለ?» አልኩት። ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

ዝም አለ። «ሞልቷል» አለኝ ቆይቶ። «እሱን አልነካሁትም።»

በሃምሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ስለዚያ ሰርግ የተነጋገርነው ይኸው ነው።

እናቴ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ አገሩ ጦርነት ከገባበት ጀምሮ፣ ከደብረ ወርቅ ወጥታ እኔ ዘንድ ናት። በነጋታው ፎቶውን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው።

«የእኛዋ ናት?» አለችኝ። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«አይደለችም እማ፤ የእኛ ምንሽር አልነበረች? ይች ውጅግራ ናት።»

«እሰይ፣ እሰይ!» አለች። ወዲያው ግን ፊቷ ተመለሰ። «የማናት ታዲያ?»

«አይታወቅም።»

«ፊደል ተጽፎባት እንዴት አይታወቅም? ባለቤቷ ሸጧት ነው ወይስ ቀምተውት?»

ምን ልበላት? ዝም አልኩ።

«ገዝቶ ምን ሊያደርጋት ነው?»

«ግድግዳ ላይ ሊሰቅላት ነው። ወይም ደግሞ ሌላዋን፣ አጋዘን የሚያድኑባትን ሊገዛ ነው። ቸግሮት ነው የሚጠይቀን።»

«ይች ጥይት አላት?»

«ዛሬ የትም እንደ ልብ አይገኝላትም።»

ብዙ አሰበች። ከዚያ «እንግዲያው ይችን ይግዛ በለው» አለችኝ። «ጥይት የሌላትን።»

አባቴ ቢሰማ ምን ይል ይሆን ብዬ ሳቄ መጣ። አንድ አገር ሙሉ ሰው «ጥይቷ ይገኛል ወይ?» እያለ ሲመርጥ ኖረ፤ እናቴ በሰማንያ ስድስት ዓመቷ መመዘኛውን በአንድ ቃል ገለበጠችው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መታጠቅን በስንት አንቀጽ ከልክሏል። እናቴ አንድ አንቀጽ በቅቷታል። አገር ቤት ያለው ሰው ግን ይህን የእሷን ምርጫ የሚመርጥበት ቀን ገና መሆኑን እሷም አታጣውም። ጎረቤቱ የታጠቀ ሰው፣ መንገዱም ቀዬውም ተኩስ የሚሰማበት ሰው፣ ብቻውን ጥይት የሌላትን ሊመርጥ አይችልም። ያኔ ከሁለቱ ቤት አንድ አንድ ልጅ አምጡ ያሉት ሽማግሌዎች ያወቁት ይህንን ነው፤ ከአንዱ ቤት ብቻ ቢሆን ዕርቅ አይባልም።

መልእክቷን ለወዳጄ ነገርኩት። ሳቀ፤ ከዚያ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁ። ውጅግራዋን ገዛት። ጎረቤቶቹ ለአደን ሲወጡ ቡና በፔርሙስ ይዞ አብሯቸው ይሄዳል አሉ። «ለአጋዘኑ የሚተኩስ አይጠፋም» አለኝ።

እናቴ ግን ነገሩን አልተወችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ፣ መብራት ካጠፋን በኋላ፣ ከወዲያኛው ክፍል ድምጿ ይሰማኛል። ጸሎት ላይ ያለች ይመስለኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ በ«ገ» የሚጀምሩ ስሞችን ነው የምትቆጥረው፤ ገብሬ፣ ገረመው፣ ገሠሠ፣ ገላው...