አንገረብን በጥቃቅን እንስሳቱ መለካት

የጎንደር ከተማ ነዋሪ የሚጠጣው ውሃ ለረጅም ዓመታት በዋናነት የተመሠረተው በአንገረብ ግድብ ላይ ነው። ስለዚህ ግድብ የተጻፉ ጥናቶችን የሚያገላብጥ አንባቢ፣ አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በደለል ላይ መሆኑን ያስተውላል። በግድቡ ዙሪያ ያለው ደጋ ተዳፋትና ሲታረስ የኖረ በመሆኑ፣ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ያወርዳል፤ ግድቡም የተሸከመለትን ሁሉ ተቀብሎ ያስቀራል። መሐንዲሱ ይህን ጉዳት በሜትር ኩብ ይለካል። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የመረጥኩት መለኪያ ከዚህ የተለየ ነው፤ ይኸውም በውሃው ውስጥ ተንሳፈው የሚኖሩት፣ ዙፕላንክተን የሚባሉት ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ይህ ጽሑፍ የውጤት ዘገባ ሳይሆን፣ ጥናቱን ሳካሂድ ደጋግመው ስለገጠሙኝ ሦስት ጥያቄዎች ያለኝ አስተያየት ነው።

በጣፋጭ ውሃ ውስጥ የሚገኙት ዙፕላንክተኖች በአብዛኛው በሦስት ጎራ ይከፈላሉ። ሮቲፈሮች እጅግ ደቃቅና በፍጥነት የሚራቡ ናቸው። ዳፍኒያን የሚጨምሩት ክላዶሴራዎች ውሃውን በእግሮቻቸው እያጣሩ አልጌን ይመገባሉ። ኮፔፖዶች ደግሞ ቀስ ብለው የሚያድጉ፣ ምግባቸውን መርጠው መያዝ የሚችሉ ናቸው። ሁሉም በአልጌና በዓሣ መካከል የቆሙ አገናኞች ስለሆኑ፣ በውሃው ላይ የሚደርሰው ለውጥ ቀድሞ ከሚታይባቸው ሕያዋን መካከል ይመደባሉ።

አንገረብ ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይፈስሳል። የጣና ፕላንክተን በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሐይቁ ከመጣው የጣልያን የጥናት ቡድን ዘመን ጀምሮ ሲጠና ቆይቷል። በእሸቴ ደጀንና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው ሥራ የዙፕላንክተኑን ሥርጭት ከውሃው ድፍርስነት ጋር አያይዞ መርምሯል። በትግራይም በታደሰ ደጀኔና ባልደረቦቹ 32 ግድቦችን የሸፈነ ጥናት በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በእነዚህ ሥራዎች ፊት የአንድ ከተማ ግድብ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ትንሽነቱ ራሱ የጥናት ምክንያት ነው፤ ሰፊ ሐይቅ በዓመታት የሚያስተናግደውን ለውጥ ትንሽ ግድብ በአንድ ክረምት ሊያሳየን ይችላልና።

የመጀመሪያው ጥያቄ ደለሉ ለእነዚህ እንስሳት ምን ማለት እንደሆነ የሚመለከት ነው። ደቃቅ ጭቃ በውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ ብርሃን ወደ ታች እንዳይዘልቅ ስለሚከለክል የአልጌ እድገት ይቀንሳል። ዳፍኒያ ደግሞ አልጌውን ከጭቃው መለየት ስለማትችል ሆዷን በማይጠቅም አፈር ትሞላለች። መርጦ የሚይዘው ኮፔፖድ በአንጻሩ የተሻለ ዕድል አለው። በሌላ በኩል፣ ድፍርስ ውሃ በዓይኑ የሚያድነውን ዓሣ ስለሚያሳውረው፣ ለአንዳንዱ ዙፕላንክተን መሸሸጊያ ይሆናል። ስለዚህ «ደለል ብዝኀነትን ይቀንሳል» የሚለው አነጋገር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ማንን ጎድቶ ማንን እንደሚጠቅም መለየት ያስፈልጋል።

ይህም ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ይመራል። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ብዝኀነትን በሻነን ኢንዴክስ ማቅረብ ልማድ ሆኗል። ኢንዴክሱ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ስም አይጠራም። ዳፍኒያ ከአንድ ግድብ ጠፍታ፣ በምትኳ በንጥረ ነገር የተበከለ ውሃ የሚስማማቸው በርካታ የብራኪዮነስ ዝርያዎች ቢገቡ፣ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ሠንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው ውሃው የተሻሻለ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን አልጌን የሚቆጣጠረው ዋነኛ አጣሪ መሄዱ ነው። መረቡም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ቀዳዳው ሰፋ ያለ መረብ ደቃቆቹን ሮቲፈሮች ስለሚያሳልፋቸው፣ በተለያየ መረብ የተሰበሰቡ ሁለት ናሙናዎችን ማነጻጸር አሳሳች ነው። ስለዚህ የዝርያዎች ዝርዝርና የመረቡ ቀዳዳ ስፋት ከኢንዴክሱ ጎን ባልተጻፉበት ጥናት ላይ ተከታዩ ተማሪ ምንም ሊገነባ አይችልም።

ሦስተኛው ጥያቄ የመጣው ከምርምር ክፍል ሳይሆን ከግድቡ ዳርቻ ነው። ናሙና ስሰበስብ ከብቶቻቸውን ይዘው የሚያልፉ አንድ አረጋዊ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ውሃችን ትል አለበት ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አባባ፣ ትል አይደሉም፤ ጤነኛ ኩሬ ሁሉ አለው» ብዬ መለስኩላቸው። መልሱ ልክ ነው፤ ሆኖም ሙሉ አይደለም። በሀገራችን በጋምቤላ ክልል ሲታይ የኖረው የጊኒ ዎርም በሽታ ወደ ሰው የሚገባው እጩን የተሸከመ ኮፔፖድ ከውሃ ጋር ሲጠጣ ነው። ጎንደር በዚህ በሽታ የሚታወቅ አካባቢ ባይሆንም ትምህርቱ ግን አይቀርም። በባንግላዴሽ የኮሌራ ተሕዋስ በኮፔፖዶች አካል ላይ ተጣብቆ እንደሚኖር ከታወቀ በኋላ፣ በ65 መንደሮች ውሃ በታጠፈ አሮጌ የሳሪ ጨርቅ ተጣርቶ እንዲጠጣ ተደረገ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት የኮሌራ ሕመም በ48 በመቶ ቀንሷል። ኮፔፖድ ክሎሪንን ከባክቴሪያ ይልቅ ይቋቋማል፤ በላዩ የተጣበቀውንም ተሕዋስ ሊከልል ይችላል። እንግዲህ የዙፕላንክተን ቆጠራ ለዕውቀት ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም፤ ማጣሪያ ጣቢያ የሚቀበለው ውሃ በየወሩ ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚያመለክት መረጃ ነው። ሕዝብን ሳያስደነግጡ፣ እውነትንም ሳይሸሽጉ ይህን ማስረዳት ከዝርያ መለየት ያላነሰ ችሎታ የሚጠይቅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በመጨረሻም ለደለሉ አንድ የምስክርነት ቃል ልስጥ። ዳፍኒያና ብዙ ሮቲፈሮች ኑሮ ሲከፋባቸው ጠንካራ ልባስ ያለው የዕረፍት እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ ወደ ታች ሰጥሞ በጭቃው ውስጥ ይቀበራል፤ አንዳንዱም ከአሥርተ ዓመታት በኋላ እንኳ ሊፈለፈል ይችላል። ስለዚህ ግድቡን እየሞላ ያለው ደለል፣ ውሃው መታቆር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በውስጡ ማን እንደኖረ በንብርብር የያዘ መዝገብ ነው። ማንም ያልቆጠራቸው ዓመታት በዚያ ተጽፈው ይገኛሉ። ግድቡ ቢጠረግም ሆነ እስከ አፉ ቢሞላ፣ ይህን መዝገብ ማንበብ የሚቻልበት ጊዜ ያልፋል።

በመሆኑም ለተከታዮቼ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከአንገረብ የሚሰበሰብ እያንዳንዱ ናሙና መረቡ፣ ጥልቀቱና ወሩ ተጽፎበት፣ በአግባቡ ተጠብቆ በቤተ ሙከራ ይቀመጥ፤ ከመከላከያ በኋላ አይጣል። ሁለተኛ፣ የግድቡን ወለል ደለል በቱቦ ሰርስሮ በንብርብሩ የሚመረምር ተማሪ ይነሣ። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጀልባ፣ ረጅም ቱቦ፣ ወንፊት፣ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ይበቁታል። ጭቃው ግን የሚጠብቀን እስከ ተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው።