የነሐሱ ሰውና የእኛ ትከሻ

በመሥሪያ ቤታችን ትእዛዝ ለአንድ ወር ትምህርት ወደ ቤጂንግ በተላክን ጊዜ፣ ከሻንጣችን ሌላ ይዘነው የሄድነው ነገር ቢኖር የቀኝ ትከሻችን ሕመም ነበር። ዓመታት ሙሉ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ማጎንበስ ያተረፈልን ይህን ብቻ ነው ብንል ደመወዝ ከፋያችንን ማማት ይሆንብናል፤ ዳሩ ግን በቀኝ ጎናችን መተኛት ከተውን ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ይህንን የተረዳ አስተርጓሚያችን አንድ ቀን ማታ በሰፈሩ ወዳለው የመርፌ ሕክምና ክፍል ወሰደን።

ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ምላሳችንን አዩ፤ የሁለቱንም እጆቻችንን ትርታ በሦስት ጣቶቻቸው ብዙ ጊዜ ወስደው አዳመጡ። ከዚያም እንደ ጠጉር ከቀጠኑት መርፌዎች አንዱን በአውራ ጣታችንና በሌባ ጣታችን መካከል ሲተክሉት፣ የሚያመን ትከሻችን መሆኑን በአስተርጓሚው በኩል አስታወስናቸው። ሳቁ። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በተጠናቀረው «የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ መጽሐፍ» መሠረት፣ «ቺ» የተባለው የሕይወት ኀይል በታወቁ መንገዶች በሰውነት ውስጥ ይመላለሳል፤ ሕመምም የሚመጣው መንገዱ ሲታወክ ነው፤ ስለዚህ የትከሻው መድኃኒት በእጅ ላይ ቢፈለግ አያስደንቅም። መርፌው ሲገባ እምብዛም አልተሰማንም፤ ጥቂት ቆይቶ ግን አንድ የመደንዘዝና የመክበድ ስሜት ክንዳችንን ይዞ ወጣ። ሐኪሟ ይጠብቁ የነበረውም ይህንኑ ነው።

ቀጥለው ከእኛ አገር ጭቁኝ ጋር አንድ ወገን የሆነ ደረቅ ቅጠል አጢሰው ትከሻችንን አሞቁልን። በመጨረሻም ውስጡ በነበልባል የሞቀ የብርጭቆ ዋንጫ በጀርባችን ላይ ሲያጣብቁ እንግድነታችን ቀረ፤ ይህማ ዋገምት ነው! ልዩነቱ የእኛ አገር ባለ ዋገምት በቀንድ መምጠጡና በምላጭ በጥቶ ደም ማውጣቱ ብቻ ነው።

በክፍሉ ማዕዘን ነጥብ በነጥብ የሆነ አንድ ትንሽ የሰው ምስል ቆሞ ነበርና ታሪኩን ጠየቅን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1027 ዓ.ም.፣ በሶንግ ነገሥታት ዘመን፣ ዋንግ ዌይዪ የተባለ ሐኪም በቁመተ ሰው ልክ ሁለት የነሐስ ሰዎችን አሠራ፤ የመርፌው ስፍራዎችም ሁሉ በላያቸው ተበስተው ነበር። እንደሚነገረው በፈተና ቀን ምስሉ በሰም ይለበጣል፣ ውስጡም ፈሳሽ ይሞላል፤ ተማሪው ትክክለኛውን ስፍራ ሲወጋ ፈሳሹ ይወጣል፣ ሲስት ግን ደረቁን ይቀራል። መምህራን አንባቢዎቻችን አድልዎ የማያውቅ እንዲህ ያለ ፈታኝ ቢያገኙ ምንኛ በተደሰቱ!

ይሁን እንጂ ይኸው ጥበብ በገዛ አገሩ ሁልጊዜ አልተከበረም። በ1822 ንጉሠ ነገሥት ዳዎጓንግ ከቤተ መንግሥቱ የሕክምና ትምህርት አስወጥቶታል፤ በ1929ም የናንጂንግ መንግሥት የጤና ጉባኤ የጥንቱን ሕክምና ለመሻር ወስኖ፣ ሐኪሞቹ በአንድነት ስለ ተቃወሙ ነገሩ ሳይፈጸም ቀርቷል።

በ1971 ጄምስ ሬስተን የተባለ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ በቤጂንግ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጣ። የተደነዘዘው በተለመደው መድኃኒት ነበር፤ መርፌ የተደረገለት ከቀዶው በኋላ በሁለተኛው ሌሊት ሆዱ ተነፍቶ ስላስጨነቀው ነው። እርሱ የጻፈው ይህንኑ ሲሆን፣ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ግን «በመርፌ ብቻ ደንዝዞ ተቀደደ» ሆነ። እኛም ይህን ስናነብ በወሬኞቹ ሳቅን።

በጀርመን አገር ወገባቸውን ለብዙ ጊዜ ያመማቸው 1162 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት በ2007 ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ፣ በታወቀው ስፍራ ከተወጉት 47.6 ከመቶ፣ ስፍራው ባልሆነ ቦታ ለይምሰል ከተወጉት 44.2 ከመቶ፣ በተለመደው ሕክምና ከታከሙት 27.4 ከመቶ ተሻላቸው። እንግዲህ መርፌው ጠቅሟል፤ ስፍራው ግን እምብዛም አልለየም። የነሐሱ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ባለ!

ሰባት ጊዜ ተመላልሰን በቀኝ ጎናችን ተኛን። ያሻለን መርፌው ይሁን፣ ሙቀቱ ይሁን፣ ወይስ ወር ሙሉ ከጠረጴዛችን መራቃችን፣ ለይተን መናገር አይቻለንም። አገራችን ገብተን ግን በቡና ላይ ስናወራ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ረሳነው፤ «የቻይና መርፌ የማይፈውሰው የለም» እስከ ማለትም ደረስን።

በሳምንቱ አክስታችንን ልንጠይቅ ብንሄድ ፊታቸው ገርጥቶ አገኘናቸው። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው።

«ልጄ፣» አሉን፣ «ያ የቻይናው መርፌ ይኼን የኔን መርፌ ያስተወኝ ይሆን?»

ጠይቀን ስንረዳ ለካ ኢንሱሊናቸውን ከተዉ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ያስተዋቸው የእኛ ወሬ ነበር። እኛ የታከምነው ለትከሻ መሆኑን፣ ለስኳር የሚሆን እንዳልሆነ፣ ያወራነውም ከሆነው በላይ እንደ ነበረ እያፈርን ነገርናቸው። ብልቃጡን ከማቀዝቀዣው አውጥተን ሰጠናቸው፤ ወዲያውም ወደ ሐኪማቸው ይዘናቸው ሄድን። መኪና ውስጥ ብዙ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ትከሻህ ግን ድኗል አይደል?» አሉን።

«ተሽሎናል» አልናቸው።