ማን ተከለ? ማን አጠጣ?

መትከልማ ማን ያቅተዋል? ሐምሌ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ ማስገባት፣ በጭቃ እንደተለወሱ ፎቶ መነሣት፣ ከዚያ ተያይዞ ማኪያቶ ለመጠጣት መሄድ። እኛም እንደዚያው ነው የጀመርነው። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለት ብሎኮች መሐል ያለች ክፍት ቦታ ላይ አርባ የምንሆን የሰፈር ልጆች አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰን ወጣን። (እውነቱን ለመናገር ከችግኙ በፊት የደረሰው ቲሸርቱ ነው። ቀለሙን ለመምረጥ ብቻ ሦስት ስብሰባ ተቀምጠናል።)

ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ስለዚያች የአትክልት ቦታ ነው። በተለይ ደግሞ እዚያ ስለሠራናት አንዲት ጥፋት።

የኮንዶሚኒየም ኑሮን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኛን ያገናኘን ዕጣ ነው። አንዱ ከልደታ፣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከካዛንቺስ ጓዙን ጭኖ ይመጣና በር ለበር ተፋጦ ይኖራል። ከበሩ ወዲህ ያለው የራሱ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው "የጋራ" ይባላል፤ የጋራ ደረጃ፣ የጋራ ኮሪደር፣ የጋራ ግቢ። የጋራ ማለት ደግሞ፣ ምን አለፋችሁ፣ የማንም ያልሆነ ማለት ሆኖ አረፈው። የኛዋም ቦታ ከ120 ካሬ ሜትር የማትበልጥ፣ የተሰባበረ ብሎኬት፣ የጫት ገረባና ፌስታል የተከመረባት ባለቤት አልባ መሬት ነበረች። ሁለት ቅዳሜ ጠርገን ፍርስራሹን በጋሪ አስወጣን። ከሥሩ የወጣው አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ይዞ የሚያስቀር፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት ጥቁር አፈር።

ጎመንና ቆስጣ ተከልን፤ ካሮትና ቀይ ሥር ዘራን። ዳር ዳሩን ጤና አዳምና በሶብላ አደረግን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል የሰማን ልጆች ነንና "120 ካሬ ምን አላት?" ብለን ነበር።

አላት! የነሐሴ ዝናብ ካሮቱንና ቀይ ሥሩን በላብን። ዋልካ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም፤ እኛ ደግሞ መሬቱን እንደ ጠረጴዛ ደልድለን ነበር የዘራነው። ውሃው ተኛበት፣ ሥሩ በሰበሰ። ጎመኑና ቆስጣው ግን እንደምንም ቆመ። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሌላው ጣጣ መጣ። የሰው ጣጣ!

አርባው ሰው በጳጉሜን አሥራ ሰባት ሆነ። በመስቀል ዘጠኝ። በጥቅምት አራት። ኅዳር ላይ... ይቅርታ አድርጉልንና፣ ኅዳር ላይ ማንም አልነበረም። አንዱ ፈተና ደረሰበት፣ አንዱ ሥራ ቀየረ፣ አንዷ ታጨች። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ "ዛሬ ማን አጠጣ?" የሚል ጥያቄ ይላካል። ሁሉም ያየዋል፤ መልስ የሚሰጥ የለም። መትከል ቀን አለው፣ ቲሸርት አለው፣ ፎቶ አለው። ማጠጣት ምንም የለውም።

ሒሳቡን እንንገራችሁ። በደረቅ በጋ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን አምስት ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። ከመተላለፊያውና ከዳሩ ተርፎ የሚለማው መሬታችን 60 ካሬ ነው። በቀን 300 ሊትር መሆኑ ነው፤ በባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን 15 ጄሪካን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር! እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ቧንቧው ሲንጎራጎር ሰምቶ፣ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ባልዲና በርሜል የሚሞላ ሰው ለጎመን 15 ጄሪካን ከየት ያመጣል? ስለዚህ በልባችን "ሞቷል" ብለን ዘጋነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ የገና ሰሞን፣ ቄጤማ ልንገዛ ወጣ ስንል በዚያው አለፍን። ጎመኑ ጉልበታችን ድረስ ቆሟል! ቆስጣው ቅጠሉን ዘርግቷል። ሥር ሥሩ ደግሞ በደረቀ ቄጤማ ተሸፍኗል። ለካ ሰዉ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ጎዝጉዞ ጠርጎ የጣለው ቄጤማ አንድም ሳይቀር ተለቅሞ እዚያ ገብቷል። አፈሩ በፀሐይ እንዳይደርቅ ሸፍኖ እርጥበቱን ስለሚይዝ፣ 15 ጄሪካን የሚጠይቀው መሬት በጥቂት ባልዲ ውሃ ከርሟል።

ማን ይሆን? ብለን አመሻሽ ላይ ጠበቅን። ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ "እማማ" የሚላቸው አንዲት እናት ባልዲ ይዘው ብቅ አሉ። አትክልት ያጠቡበትን፣ ልብስ ያለቀለቁበትን ውሃ ያጠራቅማሉ፤ በረኪና የነካውን ይለያሉ። ጎረቤቱንም "የምትደፉትን ለእኔ ስጡኝ" እያሉ ይለምናሉ። ከኋላቸው ጄሪካን ተሸክማ የምትከተል ልጅ አለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ናት።

"እማማ፣ ምነው ሳይነግሩን?" አልናቸው።

"ምኑን ነው የምነግራችሁ ልጆቼ? ተጠምቶ አየሁት፣ አጠጣሁት።"

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ጥፋታችን ግን ገና ነው።

የካቲት ላይ አንድ መሥሪያ ቤት "አርአያ የሆኑ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች" ብሎ ሊሸልመን የስም ዝርዝር ጠየቀን። ጻፍን። አሥራ አንድ ስም። ሁሉም የኛ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው። ቅጹ ላይ "የበጎ ፈቃደኛው ስም" ሲል ወደ አእምሯችን የመጣው ቲሸርት ያለው ሰው ብቻ ነው። ዝግጅቱ እዚያው አትክልቱ አጠገብ፣ ድንኳን ተጥሎ ተካሄደ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ስማችን በተጠራ ቁጥር አጨበጨቡልን። ልጅቷ ለእንግዶቹ ቡና ታፈላ ነበር። በኋላ ስኒ ልትሰበስብ ስትመጣ ሰርተፍኬታችን እንዳይበላሽ ከጠረጴዛው ላይ አነሣንላት። "አመሰግናለሁ" አለችን። እሷ እኛን!

ማታ ደረጃው ላይ ተቀምጠን አንዳችን የአንዳችንን ዓይን ማየት አቃተን። በማግሥቱ እማማ ዘንድ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ሳቁብን።

"እኔ ምን በጎ ፈቃደኛ ነኝ? ጎረቤት ነኝ እንጂ" አሉን። ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ። "ይልቅ ያቺን ልጅ ሂዱና ጠይቋት። እኔ ደስ ብሎኝ ነው የማጠጣው። እሷን ደስ ይበላት አይበላት ማን ጠየቃት?"

ሄደን ጠየቅናት። ለካ ውሃ ለመስጠት እሺ ያሉት ጎረቤቶች የሚሰጡት ውሃውን ነው እንጂ ጉልበታቸውን አይደለም። የሚያወርደው እሷ ናት። "የኛንም ይዘሽልን ውረጂ" እያሉ ከሦስት ቤት ይልኳታል፤ ቀኑን ሙሉ ከሠራች በኋላ። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ፈቃደኛ ይባላል እንዴ? ፈቃደኞቹ እኛ ነበርን። ያማረን ቀን መጥተን፣ ያላማረን ቀን ቀረን።

ሌላም ጉድ ሰማን። ልጅቷ የመጣችው ከሰሜን ሸዋ፣ ከእነዋሪ ነው። አገሯ ዋልካ ነው። እዚያ ገበሬው አፈሩን በእጁ እያፈሰ ከፍ ያለ መደብ ይሠራና ውሃው በመሐሉ ባለው ቦይ እንዲወርድ ያደርጋል። እኛ መሬቱን ስንደለድል፣ ካሮቱ ሲበሰብስ፣ እሷ ልብስ እያሰጣች ከፎቅ ታየን ነበር።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ማን ጠየቀኝ?"

እሷም እንደ እማማ። ማን ጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው አዲስ ነገር አይደለም። ወላጆቻችን የሚያውቁትን የእድር ሥርዓት ወሰድን። "በጎ ፈቃደኛ" የምትለዋን ቃል ትተን "አባል" አልን። መዝገብ ገዛን። እማማን ዳኛ አደረግን። 30 ቤት ተመዘገበ፤ እያንዳንዱ ቤት በሁለት ቀን አንድ ጄሪካን ያመጣል፤ በቀን 15 ጄሪካን ሞላ ማለት ነው። የቀረ 20 ብር ይቀጣል። ጎመን የሚቆርጥ ከታች ያለውን ቅጠል ይቆርጣል፣ ለጋውን አይነካም፤ እንዲህ ከተያዘ ያው ጎመን ወራት ይበላል።

ብዙ ያጨቃጨቀን ግን አንድ ሕግ ነው፦ ጄሪካኑን የሚያወርደው ስሙ መዝገብ ላይ ያለው ሰው ራሱ ነው፤ ሠራተኛውን የላከ እንደቀረ ይቆጠራል። ስብሰባው ተረበሸ። "የምከፍላት እኔ! እናንተን ማን ዳኛ አደረጋችሁ?" ያሉን አሉ። መጀመሪያ 41 የነበረው ቤት 30 የሆነው ያን ቀን ነው። አሥራ አንዱ እስካሁን አልተመለሱም፤ አንዳንዶቹ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም አይሉንም። እውነት ለመናገር አሳዝኖናል። ሕጉን ግን አልሰረዝነውም።

ልጅቷ በራሷ ስም ተመዘገበች። የእሑድ ከሰዓት ዕረፍቷን ከአሠሪዎቿ ጋር ተነጋግረው ያስከበሩላት እማማ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መደቡን ያሠራችን እሷ ናት። እሷ ፊት ፊት፣ እኛ በተማርነው ሁሉ እያፈርን ከኋላ። ነሐሴ እንደ ልማዱ ዘነበ፤ ውሃው በቦዩ ወረደ። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ካሮት ነቀልን። ጠማማ ነው፣ አጭር ነው፣ ግን ካሮት ነው! የእሷ ሁለት መደብ ጤና አዳም ነው፤ ለጀበና ቡና ነጋዴዎች ትሸጠዋለች። ገንዘቡ የራሷ ነው። ሕይወቷን ቀየርን ብለን አንዋሽም። ደመወዟ ያው ነው፣ ድካሟም ያው ነው። የተቀየረው አንድ ነገር ነው፤ አሁን የአትክልቱ ነገር ሲነሣ እሷ ሳትጠየቅ አይወሰንም።

ቦታው ነገ የኛ ሆኖ ይቀጥላል? እንጃ። የተሰጠን ደብዳቤ "ለልማት እስኪፈለግ ድረስ" ይላል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ያየን ሰዎች የዚያችን ሐረግ ትርጉም አናጣትም። ቢወሰድ መደቡ ይፈርሳል፤ መዝገቡ ግን እማማ ቤት ነው። መዝገብ ያለው ሰው ሌላ ክፍት ቦታ አያጣም።

እስቲ እናንተም ሰፈራችሁን ተመልከቱት። የለመለመ ነገር ካለ፣ ማን ተከለው ከማለታችሁ በፊት ማን እንደሚያጠጣው ጠይቁ። ጠይቃችሁም አትቅሩ፤ ባልዲውን ተቀበሉት።

በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ተራው የኛ ነው። ብንቀር 20 ብር ብቻ አይደለም፣ የእማማም ዓይን አለ። ጄሪካናችንን ይዘን እንውረድ።

ቸር እንሰንብት።